የጋሼ ደመላሽ ጀልባ ፍጥነት በሙሉ ድምፅ ስለ መጽደቁ

እውነትን የሚያህል ከባድ ነገር ለአንድ ሰው አይተውም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2014 በስደት በምንኖርባት ፉትስክሬይ አምስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነበርኩ። አጀንዳው አንድ ነው። ጋሼ ደመላሽ ያገለገለች ካታማራን ገዝተዋል፤ ሁለት ጠባብ ጀልባ ጎን ለጎን ተጋጥሞ የተሠራች ባለ ሸራ መሆኗ ነው። «በሰዓት ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ትበራለች» ብለዋል። ሙሽራው ወንድይፍራው ደግሞ በእሷ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ እጮኛውን ሂዊን ማዶ ባለችው ፖርታርሊንግተን ሊያገባ ነው። መንገዱ አርባ ኪሎ ሜትር፣ ሠርጉ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ፓስተሩ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሠርግ አለባቸው።

ኮሚቴው በጥልቀት አጣራ። ሦስት ምስክር ሰማ፦ ጋሼ ደመላሽን፣ ከጋሼ ደመላሽ የሰሙትን ባለቤታቸውንና የፋብሪካውን ካታሎግ። የሦስቱም ቃል አንድ ሆኖ ተገኘ።

ያስቸገረችን ሂዊ ናት። ለሙከራ ከዊሊያምስታውን ወደብ ወጣ እንዳልን ስልኳን አውጥታ በጂፒኤስ ለካች።

«አሥራ አንድ ነው የሚለው» አለች።

«የኔ ልጅ፣ ቻርጁ እያለቀ ይሆናል» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ ካታሎጉ ላይ ያለው ባዶዋን፣ በኃይለኛ ንፋስ የተለካ ነው። እናንተ ገና የሠርጉን ድስት አልጫናችሁም። ወንዴ፣ አንተም አይተሃል አይደል?»

ወንዴ አይቷል። ግን ሽማግሌን በስልክ መመርመር ነውር ስለሆነ አንገቱን ደፋ። ኮሚቴው ፍጥነቱን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። እሱም «ሠላሳ አምስት መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ፈረመ።

በሠርጉ ዕለት እንዲህ ያለች በራሪ ባዶዋን ብትሄድ ስለማያምርባት፣ አሥራ ስምንት አጃቢ፣ ስድስት ድስት ወጥ፣ ሃያ ካርቶን ለስላሳ፣ የመዘምራኑ ስፒከርና ጄኔሬተሩ ተጫኑ። ካታማራኗ በትሕትና ዝቅ አለች። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሂዊ ደወለች።

«የት ደረሳችሁ?»

«ደርሰናል፣ ደርሰናል!» አለ ወንድይፍራው። ከኋላው የተነሣንበት ወደብ ገና ይታይ ነበር።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ደረስን። ፓስተሩ ሄደዋል፤ እንግዶቹም እንዲሁ። ሂዊ ቬሏን አውልቃ ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ወደቡ ላይ ቆማለች።

«ሂዊዬ፣ ይቅርታ፣ ጀልባዋ...»

«ጀልባዋማ አልዋሸችኝም፤ አሥራ አንድ ብላኛለች። ሠላሳ አምስት ብለህ የፈረምከው አንተ ነህ። ነገ ልጅ ቢታመምብን ትኩሳቱን ጋሼን ጠይቀህ ልትነግረኝ ነው?»

ቀለበቱን መዳፉ ላይ አስቀምጣለት ወደ እህቷ መኪና ሄደች።

ኮሚቴው ጉዳዩን በዝምታ አላለፈውም። ድስቶቹ ሳይወርዱ እዚያው አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጦ የሚከተለውን ወሰነ፦ ጀልባዋ በሰዓቷ ደርሳለች፤ ሙሽራዋ ግን ያለ ሰዓቷ ሄዳለች። ጋሼ ደመላሽ እስክሪብቶ አቀበሉት። ወንድይፍራው ፈረመ።