ጫማ ሰፊውና የስፓኒሽ ጭራዎች

ሽማግሌ ምን ይማራል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ስፓኒሽ ተማርኩ። ሙሉውን አይደለም፤ ጭራውን ብቻ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ ሕሊና አስጎብኚ ሆና ለመቀጠር ፈተና ነበረባት። በቃል፣ በስፓኒሽ። ከወደቀች ሥራው ለሌላ ሰው ነው፤ ተመርቃ ቤት ከተቀመጠች ደግሞ ሁለት ዓመቷ። እኔ 18 ማዞሪያ ጥግ ላይ ጫማ ስሰፋ አጠገቤ ቁጭ ትልና ደብተሯን አስይዛኝ ይጠይቁኝ ትለኛለች። የደረስኩት ስድስተኛ ክፍል ነው። ቢሆንም በእኛው ፊደል ጽፋልኝ ስለነበር ማንበቡ አላቃተኝም።

አንድ ቀን «አባባ፣ የሥራዎን ስም ልንገርዎት?» አለችኝ። ጫማ ሳፓቶ ነው። ጭራው ላይ «ኤሮ» ሲገባ ሳፓቴሮ ይሆናል፤ ጫማ ሠሪ፣ እኔ ማለት ነው። «ኤሪያ» ሲገባ ሳፓቴሪያ፣ ጫማ ቤት። «ኢቶ» ሲሆን ሳፓቲቶ፣ ትንሽዬ ጫማ። ዳቦ ፓን ነው፤ ጋጋሪው ፓናዴሮ፣ ዳቦ ቤቱ ፓናዴሪያ። ምን ይገርማል? እኛስ በርን በረኛ፣ ፈረስን ፈረሰኛ እንል የለ? ጫማም ላዩ ያው ሆኖ ሶሉ ሲቀየር ሌላ ይመስላል።

ሕሊና ታዲያ ጭራውን እንደ ሶል በየቃሉ ትለጥፈው ጀመር። ደብተሯ ላይ የሌለ ቃል ሁሉ ትፈጥራለች። ፈራሁ። እኔ ክሩን ሦስት ጊዜ ስቤ ካልፈተንኩ መርፌ የማላስቀምጥ ሰው ነኝ። «ልጄ፣ እርግጠኛ ያልሆንሽበትን ከምትናገሪ ዝም በይ፤ ዝም አይነቅዝም» አልኳት። ያውም ደጋግሜ።

የፈተናው ቀን መዶሻው ጣቴን ስንቴ እንደመታው አልነግራችሁም። ከሰዓት በኋላ ከታክሲ ወርዳ እየሳቀች መጣች። አበባ ሻጭ ልትል ፈልጋ ቃሉ ጠፍቷት ኖሯል። መጀመሪያ ምክሬን ሰምታ ዝም አለች። ፈታኟ ጠበቀች፣ ጠበቀችና ነጥብ ልትቀንስ ብዕሯን ወደ ወረቀቱ አስጠጋች። ይሄኔ ሕሊና ደነገጠች። አበባ ፍሎር ነው፤ «ኤሮ» ቀጠለችበትና «ፍሎሬሮ!» አለች። ለካ እሱ የአበባ ማስቀመጫ ነው፤ ሻጩ ፍሎሪስታ ነው። ፈታኟ ሳቀች፣ አረመቻት፣ ከዚያ ጨዋታው ደራ። አለፈች።

«አባባ፣ የእርስዎ ምክር ሊጥለኝ ነበር፤ ያዳነኝ ስህተቴ ነው» አለችኝ፣ ያበጠ ጣቴን ይዛ።

እውነቷን ነው። እንዳልሳሳት ብዬ ሳልናገረው የቀረሁት ስንት ነገር አለ! ሊሰፋ የሚመጣልኝ ጫማ ሁሉ እኮ የተራመደ ነው፤ ሣጥን ውስጥ የኖረ ጫማ አንድም ቀን መጥቶልኝ አያውቅም።

አሁን ጎረቤቱ «ሕሊናን ለዚህ ያበቋት እርስዎ ነዎት» እያለ እንዳስጠናለት ልጁን ይልክልኛል። እውነቱን ልነግራቸው አስቤ ነበር። ግን ስናገር እንዳልሳሳት ፈርቼ ተውኩት።