ሊቀ ሌንስ በሽግግር ላይ

የትኛውም ቤተ ዘመድ፣ ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢያንስ፣ ካሜራ የሚያውቅ አንድ ሰው አያጣም። ካሜራ ማወቅና ፎቶ ማንሳት ግን ለየቅል ናቸው። ፎቶ የሚያነሳው ሰው ስልኩን ከኪሱ ያወጣል፣ ያነሳል፣ ይመልሳል፤ ማንም ልብ አይለውም። ካሜራ የሚያውቀው ሰው ደግሞ ይሰናዳል። በጎልማሳነቱ ይሰናዳል፣ ፀጉሩ ሲሸብትም ይሰናዳል፤ ጦርነቱ ማለቁን ማንም ያልነገረው፣ ጎራዴውን ሲስል የሚያረጅ ወታደር ነው። ዓለም በሥራ ሳይሆን በመሣሪያ የምትድን ብትሆን ኖሮ ይህ ሰው ብቻውን ባዳናት ነበር።

ከእነዚህ ሊቃውንት አንዱ በአንድ የመድን ድርጅት የጉዳት ገማች ነው። ቀኑን ሙሉ የተጨራመተ ፓራፋንጎና የተሰነጠቀ የመኪና መስተዋት በመሥሪያ ቤቱ ስልክ ሲያነሳ ይውላል። ፎቶዎቹ፣ እውነቱ ይነገርና፣ ጥርት ያሉና ለተፈለጉበት ጉዳይ የሚበቁ ናቸው። እሱ ግን ከፎቶ አይቆጥራቸውም። «ማስረጃ ናቸው» ይላል፣ አፉን እንደ መረረው ሰው አጣሞ። ለእሱ ፎቶ ማለት ገና ወደፊት የሚመጣ ነገር ነው።

ባለቤቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦሜትሪ ታስተምራለች። ያልተረጋገጠ ነገር በፊቷ እንዲያልፍ የማትፈቅድ ሴት ናት፤ የባሏን ፎቶ አንሺነት ብቻ፣ ከተጋቡ ጀምሮ፣ ያለ አንዳች ማረጋገጫ ተቀብላ ኖራለች።

ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይገባል። ካሜራ ሁለት ነገር ነው፤ ባለሙያዎች ቦዲ የሚሉት ገላው አለ፣ ከፊቱ የሚገጠመው ዓይኑ፣ ማለትም ሌንሱ አለ። አቅም ለአንዱ ብቻ ሲበቃ የትኛው ይቀድማል? ሌሎች ሰዎች ስለ ነፍስና ስለ ሥጋ ሲጨነቁ ይህ ሰው የሚጨነቀው በዚህ ነው። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሠፈሩ ፋርማሲስት ይመጣል፤ ሁለቱ ሶፋው ላይ ይሰየማሉ፤ ጉባኤው ይከፈታል።

«ቦዲ ልብስ ነው» ይላል ገማቹ። «ልብስ በየጊዜው ትቀይራለህ። ዓይንህን ግን ትቀይራለህ?»

«ዓይን ብቻውን ምን ይሠራል? የሚያየው እኮ አእምሮ ነው» ይላል ፋርማሲስቱ። «አእምሮው ደግሞ ቦዲው ውስጥ ነው ያለው።»

አንድ እሑድ ሁለቱም በሳምንቱ ውስጥ ሐሳባቸውን ቀይረው መጡና፣ አንዱ የሌላውን ክርክር ይዞ፣ ልዩነቱን ልብ ሳይሉ እስኪመሽ ተሟገቱ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል፤ እነዚህ ግን ከሥር ቆመው ዛፎቹን ብቻ ሲመዝኑ ዓመታት አለፉ። ባለቤቱ የፈተና ወረቀት እያረመች ታዳምጣቸዋለች። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ፣

«ይህን ሁሉ የምታወሩለት ካሜራ፣ እኔን አንድ ቀን እንኳ አይቶኝ ያውቃል?» ብላ ጠየቀችው።

«አንቺን የሚመጥን ሌንስ ገና አልገዛሁም» አላት።

ምስጋና ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልወሰነችም።

«ሊቀ ሌንስ» የሚለውን ማዕረግ ያወጣለት የባለቤቱ ወንድም ነው፣ በገዛ ራሱ ትንሽ ልጅ የልደት ቀን። ሻማው በርቷል፣ ሕፃኗ ጉንጮቿን ነፍታለች። ሰውየው እጁን ዘርግቶ «ቆይ!» አለና አንዱን ሌንስ አውልቆ ሌላውን መግጠም ያዘ። ሕፃን ትንፋሽ ስንት ያቆያል? እፍ አለችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ካሜራው የተነሳው ጭሱ ከጠፋ በኋላ ነው።

«እንደገና ይለኮስላት» ሲል አዘዘ።

ተለኮሰ። ይህን ጊዜ ሌንሱ ላይ አንዲት ብናኝ አገኘ፤ ብናኟን በጎማ መንፊያ ሲያባርር ሻማው እንደገና ጠፋ። ለሦስተኛ ጊዜ ሊለኩሱ ሲሉ ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። «ይሄ ሰውዬ ሻማዬን አይወደውም!»

«ዝም በይ የኔ እናት» አለ አባቷ አቅፎ እያባበላት። «ሊቀ ሌንስ እኮ ናቸው። እንዲህ ያለ ተራ ሻማ አያነሱም።»

ስሙ ተለጠፈ፤ አለቦታውም አልተለጠፈም። የአራስ ልጃቸውን ፎቶ ለሚያሳዩት እናቶች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ከማለቱ በፊት «በየትኛው ሌንስ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሌላ ምን ስም ይገባዋል? ዕቃዎቹ የሚኖሩት እርጥበት በማያስገባ የመስተዋት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ከግድግዳው ባሻገር፣ ልጆቹ በሚተኙበት ክፍል፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያው ሥር ሻጋታ ይወጣል። ባለቤቱ ይህን በጣቷ ባሳየችው ጊዜ፣ በሐዘን ራሱን ነቅንቆ «ሻጋታ የገባው ሌንስ እኮ አይድንም» አላት።

«ልጅስ?» አለችው።

ቁም ሳጥኑ መዘጋቱን አረጋገጠ።

እንዲህ ያለው ሰው ፎቶ እንዲያነሳ በተጠየቀ ቁጥር የሚሰጠው አንድ መልስ ነበረው፦ «አሁን በሽግግር ላይ ነኝ።» ትርጉሙ፣ አንዱን ሸጧል፣ ሌላውን ገና አልገዛም ማለት ነው። በሌላው ሰው ሕይወት ሽግግር ያልፋል፤ በእሱ ዘንድ ግን መኖሪያ ነው።

አባቱ አናጢ ናቸው። ከልጆቻቸው አንድ ነገር ጠይቀው አያውቁም፤ ውሃ ሲጠማቸው እንኳ «ውሃ አለ?» ይላሉ እንጂ «ውሃ ስጡኝ» አይሉም። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ መጋዝ አላምን ስላላቸው የሥራ ቤታቸውን ለመልቀቅ ወሰኑ። አንድ ምሽት ወደ ልጃቸው ቤት መጥተው፣ ጉልበታቸውን እያዩ፣

«ቅዳሜ ዕቃውን ሊጭኑት ነው» አሉ። «ከመጫናቸው በፊት፣ እዚያው ጠረጴዛዬ ጋ ቆሜ፣ አንድ ፎቶ ብታነሳኝ ደስ ይለኝ ነበር። ካልተመቸህም ግድ የለም።»

ባለቤቱ እርሳሷን አስቀመጠች። ባሏ «በሽግግር ላይ ነኝ» ቢል ኖሮ ያን ምሽት በቤቱ ምን ይፈጠር እንደነበር ራሷም አታውቅም። እሱ ግን ከመቀመጫው ተነስቶ፣

«አባባ፣ ለእርስዎማ በዚህ አሮጌ ዕቃ አልነካዎትም!» አለ።

ፍቅር ነበር፤ ጥፋቱም የጀመረው ከዚያው ነው። የሥራ ቤቱ መስኮት አንድ ብቻ ነው፣ ውስጡ ጨለም ይላል። በጨለማ የተሻለ የሚያየው የቱ ነው፣ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ወይስ ድንግዝግዝ የማይፈራ ቦዲ? ሁለት ቀን ከፋርማሲስቱ ጋር ሲማከር ቆየና ለቦዲው ፈረደ። ቦዲውን ለመግዛት ያለውን ሌንስና አሮጌውን ቦዲ ሸጠ። አዲሱን ሌንስ ሻጩ «ሐሙስ ይደርሳል» ብሎት ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላት ሴት፣ ቢያንስ ሻጭ አምና አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌው ከሁሉም ቀድመው ተገኝተዋል። ሽርጣቸው ታጥቦ ተተኩሷል። ሰጋቱራና ኮላ የጠገበ ጨርቅ ተኩስ ሲነካው እንዴት ያለ ሀፍረታም መልክ እንደሚይዝ ምራታቸው ያን ቀን አየች። ማሽኖቹ ተጭነው አልቀዋል፤ ጠረጴዛው ብቻ፣ እሳቸው ለምነው፣ በመስኮቱ ሥር ቀርቷል። የጭነት መኪናው ሾፌር በሩን ተደግፎ ቁልፉን ያሽከረክራል።

ሊቀ ሌንስ ቦርሳውን ከፈተ። መጥረጊያ ጨርቆች ወጡ፣ መለዋወጫ ባትሪዎች ወጡ፣ ባለሦስት እግር መቆሚያው ተዘረጋ። በመጨረሻ ካሜራው ወጣ፤ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ። ሌንስ በሚገጠምበት ቦታ ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን ተደፍቶበታል።

«ዓይኑ የታለ?» አሉ አባቱ።

«ሐሙስ ይደርሳል ብለውኝ ነበር። ዛሬ ጠዋትም ደውዬ…»

«የድሮውስ?» አለች ባለቤቱ፣ መልሱን እያወቀች።

«በሽግግር ላይ ነኝ።» ድምፁ ግን ለራሱም አልተሰማውም።

ሽማግሌው ወደ ምራታቸው ዞሩ። «ሽግግር ማለት?»

«ሸጦታል ማለት ነው፣ አባባ።»

ሾፌሩ አላስቻለውም። «እኔ ጎማ የሌለው መኪና ይዤ ብመጣ ታስጭኑኝ ነበር?»

ባለቤቱ ስልኳን አወጣች። «አባባ፣ ይቁሙልኝ፤ እኔ ላንሳዎት።»

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። አንቺማ ታነሺኛለሽ።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «እኔ ግን ፎቶ አልነበረም ያማረኝ፤ እሱ እንዲያነሳኝ ነበር። ይቅር፤ ሾፌሩንም አናስቁመው።» እጃቸውን ወደ ኋላ አዙረው የሽርጡን ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ። ቋጠሮው በሚንቀጠቀጡት ጣቶች እምቢ አለ።

ባለቤቱ ለዓመታት በልቧ ስታዘጋጀው የኖረች ንግግር ነበራት፤ ከመነሻው እስከ መደምደሚያው አንድ ቀዳዳ አይገኝበትም። ልትጀምረው ወደ ባሏ ዞረች። እሱ ግን የአባቱን ጣቶች እያየ ነበር። ቀጥሎ ክዳኑን አየ። ፊቱ እንደ መኪና ገማች ሆነ፤ ጉዳቱን አይቶ፣ ምን እንደተረፈ የሚቆጥር።

«አባባ፣ አይፍቱት» አለ። «ቀጭኑ መሰርሰሪያ ተጭኗል?»

«የትኛው ቀጭን?»

«ከሁሉም የቀጠነው።»

«እሱማ ከሽርጤ ኪስ የት ይሄዳል።»

ሊቀ ሌንስ በሕይወቱ አጭሩን ትምህርት ሰጠ። ብርሃን በበቂ ጠባብ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ሣጥን ከገባ፣ ያለ አንዳች ሌንስ፣ ከውጭ ያለውን መልክ ከውስጥ ይሥለዋል። ይህን ከብዙ ዓመት በፊት አንብቦት ነበር፤ ተገዝቶ የሚመጣ ነገር ባለመሆኑ ንቆ ትቶት ነው።

አባቱ ክዳኑን በሁለት እንጨት መሐል አድርገው ጠረጴዛው ላይ በቀረችው ሞርሳ አጠበቁት፣ ክርናቸውን ተደግፈው በሱት። ቀዳዳው ለፎቶ ሰፊ ነበር። ከተጣለ የለስላሳ ቆርቆሮ ቁራጭ ተቆረጠ፤ ባለቤቱ ከኮቷ ጠርዝ ሥር የማትለያትን መርፌ ነቅላ ሰጠች። ሽማግሌው መርፌውን ቆርቆሮው ላይ አስደግፈው ጫን አሉት።

«በቃ አባባ፣ በቃ! እንዳይሰፋ!»

«አንተ ልጅ፣ ቀዳዳ ልታስተምረኝ ነው?»

ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት፤ ልጁ ቁራጩን በጥቁር ፕላስተር ክዳኑ ላይ ለጠፈ። ሌንስ ካልተገጠመልኝ አላነሳም የሚለውን ትእዛዝ ከካሜራው ሆድ ፈልጎ አጠፋው፤ ይህን የሚያውቁ ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ የሚያስፈልጋቸው ደግሞ ከዚያም ያንሳሉ።

ሾፌሩ ሳያስበው ጠጋ ብሏል። «አሁን ይሄ ያያል?»

«ዝም በል፣ ያያል» አሉ ሽማግሌው። ከጠረጴዛው ጀርባ ቆመው መላጊያቸውን ጨበጡ።

«እስክልዎት ድረስ አይንቀሳቀሱ» አለ ልጁ። «ቀዳዳዋ ጠባብ ናት፤ ብርሃኑ እስኪጠራቀም ጊዜ ይወስዳል።»

«እጄን አላዝዘውም እኮ።»

«እጅዎን ይተዉት።»

ልጁ ማንሻውን ተጫነ። ሾፌሩ ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ።

ምስሉ በጉም መስተዋት የታየ ይመስል ነበር። መስኮቱ፣ ጠረጴዛው፣ የሽማግሌው ፊት፣ ተተኩሶ ያፈረው ሽርጥ፣ ሁሉም ለስልሰው፣ ግን በየቦታቸው ቆመዋል። ያልቆሙት እጆቹ ብቻ ነበሩ፤ መላጊያው ላይ ወዲያና ወዲህ ሲሉ ብርሃኑ ደርሶባቸዋል። አባቱ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

«እየሠራሁ ነው እኮ» አሉ።

ይህ ሁሉ ሰውየውን ነፃ አያወጣውም። አንድ ልጅ የአባቱን ብቸኛ ልመና በሻጭ ቃል ላይ ማስያዙ፣ ነገሩ በደህና ስላለቀ ብቻ ጥበብ አይባልም፤ የሕፃኗም ሻማ አልተመለሰም። ሌንሱ በቀጣዩ ሳምንት ደረሰ፤ ሻጋታ እንዳይነካው በቀጥታ ወደ ቁም ሳጥኑ ገባ።

ፎቶው ግን ሳሎን ተሰቀለ። እሑድ ፋርማሲስቱ መጣ፤ ከመቀመጡ በፊት አየው። ቀረበ፣ ራቀ፣ እንደገና ቀረበ፤ አንገቱን ወዲህና ወዲያ አዘነበለ።

«በየትኛው ሌንስ ነው?» አለ።

የባለቤቱ እርሳስ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ባሏ አፉን ከፈተ፤ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ቀዳዳ ስፋት ሲያነብ እንደሰነበተ ታውቃለች፣ ቢያንስ እስኪመሽ የሚበቃ ነገር አለው።

«አባቴ ናቸው» አለ።

ፋርማሲስቱ ራሱን ነቀነቀና ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጉባኤው ያለ ክርክር የሚከፈት መሰለ።

«ቀዳዳው ግን ትንሽ ሰፍቷል» አለ ሊቀ ሌንስ።

ባለቤቱ ቀና አላለችም። ለባሏ በልቧ ሙሉ ውጤት ሰጥታው ነበር፤ ግማሽ ነጥብ ቀነሰችበትና ወደ ቀጣዩ ወረቀት አለፈች።