ሆዱ ሳይታይ አይገዛም

አዲስ ካርቶን ሲቀደድ የሚወጣው ሽታ፣ ሙጫና ጠመኔ፣ ገና ያልተገለጠ ደብተርም የተቀላቀለበት ያ ሽታ፣ አፍንጫዋን ገና መታ ሲያደርጋት አጎቷ ፊቷ ላይ ድቅን ይሉባታል። አጎቷ የአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። እሷም ያኔ ትንሽ ልጅ ሳለች ከክፍል ስትወጣ እሳቸው ዘንድ ትሄድና ካርቶኖቹ መካከል ቁጭ ብላ ትጠብቃቸዋለች። ዕቃ አምጪው "ይፈርሙልኝና ልሂድ" እያለ ሲቁነጠነጥ፣ እሳቸው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ያወርዱና፣ ትንሿን ቢላዋ ከኪሳቸው አውጥተው፣ ፍርድ እንደሚሰጥ ዳኛ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ።

"ሆዱ ይታይ!"

በየቤተሰቡ እንዲህ ያሉ አንድ ሰው አይጠፉም። እሳቸው ያላዩት ማቀዝቀዣ አይገዛም፤ እሳቸው ያልነቀነቁት አልጋ ደጃፍ አይረግጥም። ማንም አልሾማቸውም፤ ሊሽራቸው የደፈረም የለም። የዚህኛው ቤተሰብ ሹም ደግሞ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዓለም በሞላ ግምጃ ቤታቸው ሆነ። ዘመድ አዝማዱ "ጋሽ ሆዱይታይ" ይላቸዋል፤ በሌሉበት መሆኑ የታወቀ ነው።

ለጎረቤት ትራስ ሲመርጡ ጥጉን ፈትተው ጥጡን በጣታቸው አሽተው ያዩ እሳቸው ናቸው። ለምራታቸው የተገዛውን የግድግዳ ሰዓትም ጥርሱን አንድ በአንድ ፈታትተው መርምረውታል። ሰዓቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። እሳቸው ግን አሁንም በልበ ሙሉነት፣ "ጤነኛ ሰዓት ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ" ይላሉ።

ወደ ነገራችን እንግባ። የእህታቸው ልጅ አድጋ፣ እንጀራዋ ማንበብ ሆነ። ዓይነ ስውራን እንዲያዳምጡት መጽሐፍ በድምፅ ትቀዳለች። ስቱዲዮዋ የመኝታ ቤቷ ጥግ ነው፤ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሎበታል። ኮምፒውተሯ ግን ከጠረጴዛው ሥር የተገተረ፣ የድሮ፣ ግዙፍ ቀፎ ነበር። ገና ሲከፈት ያጓራል፤ ሲሞቀውማ አይጣል ነው። በመጨረሻ ከምትቀዳለት የድምፅ መጻሕፍት ቤት አስተባባሪዋ ደወለች።

"እህቴ፣ ድምፅሽስ ማር ነው። ከኋላሽ ግን ወፍጮ ቤት አለ። አድማጮቹ ተማረዋል። እስከ ቅዳሜ ማታ አንድ የጠራ ምዕራፍ ካልላክሽልኝ መጽሐፉን ለሌላ አንባቢ መስጠቴ ነው፤ እንዳትቀየሚኝ።"

መጽሐፉን አጋምሳዋለች። ከባለ ታሪኮቹ ጋር አብራ በልታ አብራ የከረመች ያህል ተላምዳቸዋለች። ለሌላ አፍ አሳልፋ መስጠቱ ልጅ ለማደጎ የመስጠት ያህል ጨነቃት። ስለዚህ አንዲት ትንሽ፣ ጸጥተኛ፣ ሚኒ ኮምፒውተር ለመግዛት ቆረጠች። ለብቻዋ ሄዳ መግዛትም አምሯት ነበር። ግን አጎቷ ሳያውቁ? ወይ ፍንክች! ቅዳሜ ጠዋት፣ ቀኑ እየገፋባት፣ አጎቷ ክራቫታቸውን አስረው ከፊት ከፊቷ እየመሩ ወደ ሱቅ ገቡ።

ሻጯ ከመደርደሪያው አንዱን አውርዳ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላቸው።

"ይሄ ነው?" አሉ።

"አዎ፣ አባባ።"

"ሌላው የታለ?"

"የቱ ሌላው?"

"የኮምፒውተሩ ነዋ! ይሄማ ምሳ ዕቃ ነው።"

"ሙሉው ይኸው ነው፣ አባባ። ከስክሪኑ ጀርባ ይታሰራል፤ ቦታም አይፈጅ።"

"እንግዲያው ሆዱ ይታይ።"

"ከተከፈተ ዋስትናው ይቀራል።"

"ሆዱን ላላየሁት ነገር ዋስትናው ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ? ምን እንደጠፋብኝ በምን አውቄ ልከስሽ ነው?"

ሻጯ ስቃ ለማሳያ የተቀመጠውን ፈታችላቸው። አንዳንዱ ላይ ራም የሚባለው የማስታወሻ ቁራጭ ተበይዶ እንደሚመጣ፣ አንዳንዱ ላይ ግን ተነቅሎ በሌላ እንደሚተካ አስረዳቻቸው። ምን ዋጋ አለው! ጉድ ፈላ። ይህችን ዕውቀት ካገኙ በኋላ ዝም ማለት አልሆነላቸውም። ማውዝ ሊገዛ የመጣን አንድ ምስኪን ክንዱን ይዘው፣ "ራሙ ይነቀላል ወይስ ተበይዷል? መጀመሪያ እሱን ጠይቅ!" ሲሉ ሰውየው ማውዙን ትቶ ወጣ።

ቀጥሎ ዓይናቸው ለጌም በተሠራ፣ ቀይ መብራት በሚያበራ አንድ ወፈር ያለ ሣጥን ላይ ዐረፈ። ተከፈተላቸው። ውስጡ መርፌ መጣያ የለውም።

"አየሽ? ሆድ ማለት ይሄ ነው! ጥቅጥቅ ያለ!"

ሲበራ ማራገቢያው ጭልፊት እንዳየች ዶሮ ይንጫጫ ጀመር።

"ጋሼ፣ ይጮኻል እኮ።"

"ይተነፍሳል በይ!"

"እኔ የማነብ፣ ደብዳቤ የምጽፍ፣ ድምፅ የምቀዳ ሰው ነኝ። የየዕለት ሥራ ነው። ይሄ ሁሉ ጉልበት ምን ይሠራልኛል?"

"የዛሬውን ነው የምታወሪው። ነገ ምን እንደሚያምርሽ ማን ያውቃል? ፊልም ብትሠሪስ?"

"ጋሼ!"

"ብትሠሪስ?"

ሻጯ የልጅቷ ፊት አሳዘናት መሰል፣ ከታችኛው መደርደሪያ ጥቁር፣ ጀርባው እንደ ማበጠሪያ የተሸነታተረ ሌላ ሣጥን አወጣች። "ይሄኛው ማራገቢያ ጨርሶ የለውም። ሙቀቱ በቀፎው በኩል ነው የሚወጣው። ከባድ ጌም አይችልም እንጂ ላሉት ሥራ ከበቂ በላይ ነው" አለችና፣ ሳይነግሯት ክዳኑን አነሳችው።

ውስጡ አንዲት አረንጓዴ ሰሌዳ አለች፤ ሰሌዳዋ ላይ አንዲት ቁራጭ ራም። የቀረው አየር ነው።

ጋሽ ሆዱይታይ አይጥ እንዳዩ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። "ጉድለት አለ።"

"ምን ጎደለ፣ አባባ?"

"እኔን ትጠይቂኛለሽ? ግማሹ የለማ! በሥራ ዘመኔ እንዲህ ተቦጥቡጦ የመጣ ካርቶን ተረክቤ አላውቅም። ሥራ አስኪያጁ ይጠሩልኝ!"

ሥራ አስኪያጁ መጡ፤ አስረዱ፤ ላብ አጠመቃቸው። አጎት ክዳኑን በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው፣ "ባዶ ነው፤ ይሰማል" ብለው ፋይሉን ዘጉ።

የእህታቸው ልጅ ግን ሣጥኑን አስበርታ ጆሮዋን ለጠፈችበት። ምንም አይሰማም። እንደገና አዳመጠች። ምንም! ያን ጊዜ ነው በቤተሰቡ ታሪክ ተሰምቶ የማያውቅ ነገር ከአፏ የወጣው።

"ጋሼ፣ እኔ ይሄን ነው የምወስደው።"

"እኔ ሳልረከበው?"

"እኔ ተረክቤዋለሁ።"

መንገዱን ሙሉ ካርቶኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ አልፎ አልፎ ወደ ጆሯቸው እያስጠጉ ይነቀንቁታል። አኩርፈዋል። ያኮረፈ ሰው ግን ቤቱ ይገባ የለ? እሳቸው ተከትለዋት መኝታ ቤቷ ድረስ ገቡና፣ ጥግ ያለችው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያች ወንበር ላይ እየተቀመጡ ስታነብ ያዳምጣሉ። "በዚህ ሳልፍ ጎራ ልበል ብዬ ነው" ይላሉ እንጂ፣ አንድም ምዕራፍ አምልጧቸው አያውቅም።

አሮጌውን ቀፎ ነቀለች፤ አዲሱን ከስክሪኑ ጀርባ አሰረች፤ አበራችው።

"ሞቷል" አሉ።

"እየሠራ ነው።"

"እንግዲያው አድብቷል።"

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ማይኩን አስጠጋች። ቀኑ መሽቶ ሳያልቅ ምዕራፉ መላክ አለበት። አንድ ገጽ ቀዳችና ልትሰማው መልሳ ከፈተችው። ድምፅዋ እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ብሏል። ከኋላው ግን አንዲት ቀጭን ፉጨት ትሄዳለች፤ ትመለሳለች።

አጎት ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ተነሡ። "ይኸው! አላልኩም? ጎዶሎ ዕቃ እንዲህ ነው የሚያፏጨው!"

እሷ ግን ፉጨቷን አወቀቻት። የአጎቷ አፍንጫ ነበረች። ይህን ሁሉ ዘመን፣ ባነበበችው መጽሐፍ ሁሉ ሥር፣ ከዚያች ወንበር እየተነሣች ስታፏጭ ኖራለች፤ ወፍጮ ቤቱ ውጧት እንጂ። ጸጥተኛው ሣጥን ዛሬ አጋለጣቸው። "ጋሼ፣ እስኪ ለዛሬ ይውጡልኝ" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ። አንጀቷ እምቢ አላት። እዚያች ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ያዳመጣት የለም።

"መስኮቱ ይሆናል" አለች።

መስኮቱን ዘጉ፤ ስንጥቁን በመሐረባቸው ጠቀጠቁ። ደግማ ቀዳች፤ ፉጨቷ አለች። መብራቱ ደከም ማለት ጀምሯል፤ ምዕራፉም ገና ከጅምሩ ነው።

"ቆይ፣ እኔው አገኘዋለሁ። አንቺ ዝም ብለሽ አንብቢ" አሉና ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሣጥኑ ላይ ደገኑ። አጥርተው ለመስማት አፋቸውን ገጥመው ትንፋሻቸውን ያዙ።

እሷ ታነባለች። ስክሪኑ ላይ ድምፅዋን የምታሳየው መስመር፣ እሷ ዐረፍ ባለች ቁጥር ቀጥ ብላ ትተኛለች። ትንፋሽ አጠራቸውና ለቀቁት፤ መስመሯ ዘለለች። ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ቀረ። እንደገና ያዙ፤ ተኛች። ለቀቁ፤ ዘለለች። ሌባ ጣታቸውን ቀስ ብለው አፍንጫቸው ላይ አሳረፉ።

ዘወር ብለው አዩዋት። እሷ ምንም እንዳላየ ሰው መጽሐፉ ላይ አቀርቅራለች።

ቀና አላለችም። አዲስ አንቀጽ ጀመረች። ሽማግሌው ጫማቸውን አንድ በአንድ አውልቀው በእጃቸው ያዙ። ጥቁሯን ሣጥን የሰው ትከሻ እንደሚነኩ በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጓት። ከዚያ ትንፋሻቸውን እንደያዙ፣ በካልሲያቸው፣ በጣታቸው ጫፍ እየረገጡ ወደ በሩ ሄዱ። እንዳይንቋቋ እጀታውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ።