የእማሆይ ፊርማ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጠበቃ ያልሆነ ሰው ካለ እስቲ አሳዩኝ። ፀጉር ልትቆረጡ ብትገቡ ፀጉር አስተካካዩ ስለ ይግባኝ ያስረዳችኋል። ሻይ ቤት ብትቀመጡ አስተናጋጇ ብርጭቆውን እያስቀመጠች በወሰን ክርክር ላይ ውሳኔ ትሰጣችኋለች። ታዲያ ይኼ ሁሉ የሕግ ሊቅ በሞላበት ከተማ ጠበቃ፣ ማለቴ ፈቃድ ያለውን፣ ገንዘብ ከፍለን የምንይዘው ለምንድን ነው? እኔም ቤት ልገዛ እስክነሣ ድረስ እንዲህ እያልሁ ስጠይቅ ነበር።

ደግሞ አመራረጣችንን ልብ ብላችሁታል? ሚስት ስናገባ ሽማግሌ እንልካለን፣ ዘር እንቆጥራለን፣ የአክስቷን ጠባይ ሳይቀር እናጣራለን። ጠበቃ ስንይዝ ግን ለፎቶ ኮፒ ቤቱ የቀረበውን ይዘን ቁጭ! በጣም ከተጠነቀቅን ደግሞ ድምፁ የሚያስገመግመውን እንመርጣለን።

እኔ መኪና መንዳት አስተምራለሁ፤ መንጃ ፈቃድ ለሚያወጡ ሰዎች አሰልጣኝ ነኝ። ባለቤቴ ብርቱካን ገበያው ውስጥ የልጆች ልብስ ትሸጣለች። ከተጋባን ጀምሮ ከአከራይ አከራይ ስንዞር ኖረን፣ የመጨረሻው አከራያችን ልጄ ሊያገባ ነውና ቤቱን ልቀቁልኝ አሉን። ያን ዕለት ብርቱካን፣ ከእንግዲህ ዕቃዬን ጋሪ ላይ የምጭነው ወደ ራሴ ቤት ስሄድ ብቻ ነው ብላ ማለች። እሷ ደግሞ ከማለች ማለች ነው፤ እኔን ለማግባትም እንዲሁ ምላ ነው ያገባችኝ።

ቤቱን ያገኘችው ራሷ ናት። ከመናኸሪያው በላይ ያለ፣ ግቢው ውስጥ የኮክ ዛፎች የበቀሉበት፣ ከኋላው ድሮ እህል ይቀመጥባት የነበረች አንዲት ክፍል ያለችው ቤት ነው። ባለቤቱ ጋሼ ምንይችል ይባላሉ፤ የእህል ንግዱን በዕድሜ ምክንያት የተዉ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሉማሜ አግብታ ትኖራለችና ቤቱን ሸጠው እሷ ዘንድ ሊገቡ አስበዋል። እንዲህ ያለ ሻጭ ደግሞ አይቼ አላውቅም። ጣሪያው የት የት እንደሚያፈስ ሳንጠይቃቸው በከዘራቸው እየጠቆሙ አሳዩን። ብርቱካን ከኮኩ ሥር ቆማ ሽቅብ ስታይ ፊቷን አየሁት፤ በቃ፣ አለቀልኝ አልሁ። ይችን ቤት ካጣን እሷ ደስታ፣ እኔ ደግሞ ሰላም እንደማይኖረን ገባኝ።

ባለቤትዎስ አልኋቸው ጋሼ ምንይችልን። ሚስታቸው ወይዘሮ እናኑ ከዓመታት በፊት ደብረ ወርቅ ሄደው መንኩሰዋል። ቆብ ሲደፉ ወጉ እንደሚያዘው ፍትሐት ተደርጎላቸዋል፤ ለሞተ ሰው የሚደርሰው ጸሎት ማለት ነው። መነኩሴ ለዚህ ዓለም ሞቷል፣ አለቀ። ሰፈሩም ጋሼ ምንይችልን የሚያያቸው ሚስቱ እንደሞተችበት ሰው ነው። እኔም ነፍስ ይማር ብዬ አለፍሁት።

ከዚያ ጓደኞቼ አንድ ስመ ጥር ጠበቃ ጠቆሙኝ። ችሎት ላይ ሲናገሩ ድምፃቸው አስፋልቱ ድረስ ይሰማል አሉኝ። ሄድሁ። ሰውዬው ከወንበራቸው ተነሥተው ስለ ርስት ክብርና ስለ አባቶች አጥንት እንዲያ ሲያወርዱልኝ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝ። በመጨረሻ የቤቱን ካርታ በግራ እጃቸው አንሥተው፣ ሳያዩት መልሰው አስቀመጡና፣ ፈርም፣ የመጣው ቢመጣ እኔ አለሁልህ አሉኝ። እየተንጎማለልሁ ቤቴ ገባሁ። ብርቱካን ወሬዬን ጨርሳ ከሰማች በኋላ፣ እኔ የምፈልገው እኮ እንዳይመጣ የሚያደርገውን ነው አለችኝ።

በነጋታው ቤት የገዙ ደንበኞቿን ስትጠይቅ ዋለች። የጠየቀቻቸው የትኛው ጠበቃ እንደረታላቸው አይደለም፤ የትኛው እንዳማረራቸው ነው። ሁሉም ወይዘሮ ትርንጎ የምትባል ጠበቃ ስም እያነሡ ምሬታቸውን አወረዱት። እሷ ጋ እንዳትሄጂ፣ ታንገላታሻለች፣ ስንት ወረቀት እንዳስመጣችን ብታዪ አሏት። ብርቱካን እጄን ይዛ በቀጥታ እሷ ጋ ወሰደችኝ።

ወይዘሮ ትርንጎ ከልብስ ሰፊ ቤት ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል አላት። የስፌት መኪናው ሲነሣ ድምጿ ይጠፋል። ለነገሩ ብዙም አታወራም፤ መሣሪያዋ «እና?» የምትል ቃል ናት። ሻጩ ደግ ሰው ናቸው አልኋት። «እና?» አለችኝ። አገር ያውቃቸዋል አልኋት። «እና?» አለችኝ። ቀብድ ልስጥና ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ስላት ደግሞ እጇን አንሥታ ከለከለችኝ። የማሰልጠኛ መኪና፣ ታውቁ እንደሆነ፣ ከአሰልጣኙም እግር ሥር ፍሬን አለው። ተማሪው ወደ ቦዩ ሲገሰግስ እኔ እረግጠዋለሁ፣ እሱም በሆዱ ይሰድበኛል። ያን ቀን እኔም ትርንጎን በሆዴ ሰደብኋት።

ሥራዋን ግን ትሠራለች። ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ካርታው ትክክለኛ መሆኑን፣ ቤቱ በባንክ አለመያዙን፣ ከፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት አጣራች። ከዚያ ሜትር ይዛ መጥታ ግቢውን ስትለካ የጎረቤት ማድ ቤት በክንድ ያህል ወደ እኛ ገብቶ ተገኘ። እኔ ጦር ልሰብቅ! እሷ ግን ጎረቤትየውን ጠርታ፣ መሬቱ የማን እንደሆነ የሚያምንበትን ወረቀት በፈገግታ አስፈረመችውና ነገሩ በዚያው በረደ። ይኼኔ ስድቤን በሆዴ መልሼ ይቅርታ ጠየቅኋት።

ሁሉም ተጠናቀቀ ስል፣ ሚስትየዋስ አለችኝ። መንኩሰዋል አልኋት። «እና?» አለች። ፍትሐት ተደርጎላቸዋል አልኋት። «እና?» ለዚህ ዓለም ሞተዋል እኮ ነው የምልሽ ብዬ ጮህሁ። ረጋ ብላ ስታስረዳኝ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት አከብራለሁ፤ በሕጉ ግን ጋብቻ የሚፈርሰው በሞት ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጠው ፍቺ ነው፤ ቤቱ ደግሞ በትዳር ላይ የተሠራ ስለሆነ ግማሹ የእሳቸው ነው አለችኝ። ሳይፈርሙ ብትገዛና ነገ ቢከራከሩ ሽያጩ ይፈርሳል፣ ሚስትህም ዕቃዋን መልሳ ጋሪ ላይ ትጭናለች አለች። ብርቱካን ይኼን ስትሰማ ክው አለች።

ጋሼ ምንይችልን አስጠራናቸው። ወይ ይፍቱ ወይ ያስፈርሙ ሲባሉ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው ነደዱ። በቁርባን ያገባኋትን፣ ያውም መነኩሲት ልፍታ? ብለው ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆም አሉና ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ልመንኩስ ፍቀድልኝ አለችኝ፣ ፈቀድሁላት። እሷን የምታህል ሰው ስሰጥ ማንም ፊርማ አልጠየቀኝም። ለዚች ጎጆ ነው የምትጠይቁኝ?» አሉ።  ትርንጎ እንኳ «እና?» ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ጋሼ ምንይችል ራሳቸው ወደ እኛ ዞሩና፣ እንግዲያው እንሂድና እንጠይቃት አሉ።

አራታችን በሚኒባስ በደጀን ዞረን ደብረ ወርቅ ሄድን። ሉማሜ ላይ ሰው ሻይ ሲጠጣ፣ ልጅዎን ሰላም እንበላታ ብላቸው ይደርሳል ብለው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። ደብረ ወርቅ ስንደርስም ከቅጥሩ በር አላለፉም። ከመነኮሰች ወዲህ ዓይኗን አላየሁም፣ ልረብሻት አልፈልግም ብለው ከዋርካው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኛ ገባን።

እማሆይ ቀጭን፣ ዓይናቸው የበራ ሴት ናቸው። ጉልበት ስመን ተቀመጥንና ትርንጎ ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻቸው። አዳምጠው ሲያበቁ፣ እኔ ሙት ነኝ ልጄ፣ ሙት አይፈርምም አሉ፤ ቀዝቀዝ ብለው ነው ያሉት። የብርቱካን ፊት ጠቆረ። እኔም ኮኩን በልቤ ተሰናበትሁት። ትርንጎ ግን፣ እማሆይ፣ በሕግ እኮ የቤቱ ግማሽ የእርስዎ ነው አለቻቸው።

«የትኛው ግማሽ?» አሉ እማሆይ።

እናንተዬ! ትርንጎ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከየትኛውም ዳኛ ሰምታ አታውቅ መሰለኝ፣ ወረቀቷን ታገላብጥ ጀመር። እማሆይ እሷን መጠበቅ ትተው ጥያቄያቸውን ቀጠሉ። ሳሎኑ አሁንም ያፈሳል? የማድ ቤቱ በር ተሠራ? ኮኩን በጊዜው ይገርዘዋል? ለዓለም የሞተ ሰው ስለ ማድ ቤት በር ይኼን ያህል የሚጨነቅ ከሆነ እኛ በቁማችን ያለነው ምን ልንሆን ነው? ከዚያ ድንገት፣ ለመሆኑ እሱ የት ሊገባ ነው ብለው ጠየቁን። ሉማሜ፣ ከልጃቸው ዘንድ አልናቸው።

ከአማቹ ጋር? አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው፤ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑት። ምንይችል ከአማቹ ጋር ሳምንት አይዘልቅም፤ ጨው በዛ ይላል፣ ሬዲዮው ጮኸ ይላል፣ አኩርፎ ተነሥቶ ይወጣል፤ ወጥቶስ የት ሊገባ፣ ቤቱን ሸጦታል አሉ። ይኼን እያሉ ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እኔ ጥየው የመጣሁት እኮ ቤት አለው ብዬ ነው» አሉን።

 እንባቸውን ጠረጉና፣ ፊርማዬን ከፈለጋችሁ ያቺ የኋላዋ የእህል ክፍል እሱ እስኪሞት ድረስ የእሱ ትሁን፣ ይኼም ይጻፍ፣ ሳይጻፍ አልፈርምም አሉ። ጩኸቴን ለማሰማት ወደ ጠበቃዬ ዞርሁ። ጠበቃዬ እስክሪብቶ እያወጣች ነው! ለእኔ ተከራከሪልኝ ብዬ የያዝኋት ሴት! እርግጥ ነው፣ ከመጻፏ በፊት አስጠነቀቀችኝ። ይኼ መብት አንዴ ከጸደቀ ልታስወጣቸው አትችልም፣ ቤቱን ለሌላ ብትሸጠው እንኳ አብሮት ይሄዳል፣ ደህና አድርገህ አስብ አለችኝ። ብርቱካንን አየኋት። እያለቀሰች ራሷን ትነቀንቃለች። እሺ በል ማለቷ ነው። እኔም ደህና አድርጌ አሰብሁና እሺ አልሁ።

እማሆይን ይዘን እዚያው ደብረ ወርቅ ሰነድ የሚያጸድቀው ቢሮ ስንደርስ ባለሙያው መታወቂያ ጠየቀ። እርስ በርስ ተያየን። ለዓለም የሞተ ሰው መታወቂያ ያሳድሳል? እማሆይ ከከረጢታቸው የታደሰ መታወቂያ መዘዝ አደረጉና፣ ኬላ ላይ ይጠይቁናል ልጄ አሉ። መፈረሚያው ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸው ቆመ፤ በድሮው ስማቸው መፈረም አለባቸው። ቀስ ብለው «እናኑ» ብለው ጻፉ፤ የጻፉትንም ጥቂት አይተው ፈገግ አሉ።

ስንመለስ እማሆይ ወደ ቅጥሩ ሲያልፉ ጋሼ ምንይችል ከድንጋዩ ተነሥተው ቆሙ። ሁለቱም ከሩቅ እጅ ተነሣሡ፤ ቃል አልተለዋወጡም። በኋላ የተባለውን ሁሉ ነገርናቸው። ስለ ክፍሏ ሲሰሙ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ስለ ጨው ሲሰሙ ግን፣ ጨው የምታበዛው እኮ ራሷ ነበረች አሉና ፊታቸውን ወደ ዋርካው አዙረው ቆዩ። ሉማሜን ስናልፍ ልጃቸው ቤት ወርደው በደስታ ሻይ ጠጡ።

እንግዲህ ሰው ቤት ከነዕቃው ሲገዛ ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ እኛ ከነሻጩ ገዛን። ደስ ብሎን እየኖርን ነው። ጣሪያው የት እንደሚያፈስ የሚያውቅ ሰው ግቢ ውስጥ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ኮኩ መቼ እንደሚገረዝ ያዙኛል፤ የግቢውን በር ሳላማክራቸው ሰማያዊ ቀለም ብቀባው አኩርፈውኝ ሰነበቱ። የብርቱካንን ወጥ ያማሉ፣ ግን ጨርሰው ይበላሉ። ስሙ ወደ እኛ የተዛወረውን ካርታ ደግሞ እኔ አልፎ አልፎ አውጥቼ አየዋለሁ፤ ስሜ በደማቁ ነው የተጻፈው።

ባለፈው ቅዳሜ የግቢው በር ተንኳኳ። ብከፍት የዕድራችን ዳኛ ናቸው። ለመንገዱ የውሃ መውረጃ ሊቆፈር ስለሆነ ከየቤቱ ባለቤት ጋር መነጋገር ይፈልጋሉ። ደረቴን ነፋሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ እኔ ነኝ፣ ይግቡ አልኋቸው። ሰውዬው በትሕትና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና፣ አውቃለሁ ልጄ፣ ካርታው ያንተ ነው፣ እግዚአብሔር ይባርክልህ፤ አሁን የቤቱን ባለቤት ጥራልኝ አሉኝ። ምን ላድርግ? ሄጄ ጠራኋቸው።