ኦቦ ኢቲቻ ለራሳቸው የመረጡት ቀለም

እልል በሉ፣ ምንጣፉ ተነጠፈ! ዛሬ ጠዋት በዓይኔ በብረቱ አይቼ፣ ጫማዬን አውልቄ ረግጬው መጣሁ። የማን እንደሆነ ከመናገሬ በፊት ግን ባለቤቱን ላስተዋውቃችሁ፤ ሳታውቋቸውም አትቀሩም።

የቤታችሁን ቀለም ከእናንተ በላይ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ሰፈር በዚህች ምድር የለም። የእኛ የቡራዩዎቹ ክቡር ኦቦ ኢቲቻ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ፣ የምንጣፍ ሊቀ ሊቃውንት። "አካም ጅርቱ?" ብለው ደህንነታችሁን ጠይቀው ይገባሉ፤ መልሱን የሚጠብቁት ግን ከወለሉ ነው። "እስቲ ክፍሉን እንስማው" ይላሉ። ክፍሉ ደግሞ የሚናገረው ለእሳቸው ብቻ ነው።

ጎረቤታችን ገነት ለመኝታ ቤቷ ደማቅ ቀይ አስባ ነበር። "ቀይ ላይ የሚነሱ ባልና ሚስት ቁርስ ሳይቀርብ ይጣላሉ" አሏት። ባሏ ዘርሁን፣ "ኦቦ፣ እኛ እኮ በባዶ ሲሚንቶም እንጣላለን" ቢላቸው፣ "እሱ ልምምድ ነው" ብለው ሰማያዊ አስገዟቸው።

ለሳሎን ሕጋቸው አንድ ነው፦ ምንጣፍ የደጁን ጭቃ መምሰል አለበት። ስለዚህ ከሰው ደጅ አንድ ጭብጥ ጭቃ በፌስታል ቋጥረው መርካቶ ይወርዳሉ። ነጋዴው ከድሩ ገና ከሩቅ ሲያያቸው፣ "ኦቦ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ግቢ ይዘው መጡ?" ይላቸዋል። እሳቸው ሳይስቁ ጭቃውን ከየምንጣፉ ጎን እያስጠጉ ያመሳክራሉ። የእኔ ሳሎን ቡናማ የሆነው እንዲህ ነው። እውነት ለመናገር ሁለት ክረምት አልፎበት እድፉ የት እንዳለ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

እኚህ ሰው ታዲያ የራሳቸው ሳሎን ባዶ ሲሚንቶ ነበር። አዲስ አበባን ወደ እኛ ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ወሬ ከመጣ ወዲህ ቤታቸው ይፈርሳል ሲባል ሁለት ዓመት ሆነ። ባለቤታቸው እትዬ ተረፈች የምንጣፍ ነገር ባነሱ ቁጥር፣ ኦቦ "ለሚፈርስ ቤት የሚሄድ ቀለም የለም" ይሏቸዋል። ኅዳር ላይ በፕላኑ ተቃውሞ የአምቦ መንገድ ሲዘጋና ሱቁ ሁሉ ሲቆለፍ፣ ኦቦ ወንበር አውጥተው ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ። ገነት ለዚያ ሰማያዊ ምንጣፍ ብርቱካንማ መጋረጃ ስትሰቅል አይተው ዝም አሉ! ያኔ ነው በእውነት የፈራሁት።

ጥር ላይ ፕላኑ ቀርቷል ተባለ።

"'ተባለ' ላይ ምንጣፍ አይነጠፍም" አሉ ኦቦ።

እትዬ ተረፈች ብድግ አሉ። "አንተ ሰውዬ፣ አራት ልጅ ወልጄ ባሳደግኩበት ቤት በባዶ ወለል ልሙት?"

መንገዱ ሲከፈት ኦቦ ብቻቸውን መርካቶ ወረዱ። ፌስታል አልያዙም። ተሸክመው የተመለሱት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የወተት ቀለም! የዝንብ እግር ሳይቀር የሚያሳይ!

"ኦቦ፣ በዚህ ጭቃ?" አልኳቸው።

"የጭቃ ቀለም እድፍ መደበቂያ ነው። እኛ እንግዲህ ለማጠብ ጊዜ አለን፤ የትም አንሄድ።"

እትዬ ተረፈች ለመርገጥ ሳስተው ጥግ ይዘው ቆመዋል፤ እንባቸው ግን ቀድሟቸው ምንጣፉ ላይ አርፏል። ኦቦ አይተው እንዳላዩ ጫፉን አቃኑና ወደ እኔ ዞሩ።

"ሮማነወርቅ፣ መጋረጃውስ? አንቺ ምን ትያለሽ?"

እኔ! ሃያ ዓመት ስንጎራበት ማንንም ጠይቀው የማያውቁት ሰው!

"አረንጓዴ" አልኩ።

"ይሁን" አሉ።

ይሁን አሉ እኮ! በሉ ደህና ሁኑ፤ ሱሉልታ ያለችው እህቴ ማሪቱ ገና አልሰማችም፣ ታክሲው ሳያመልጠኝ ልሩጥ።