ከፊት የተቀመጠው ሀዘንተኛ

እኛ ፊትን እንወዳለን። ሰርግ ቤት የፊት ወንበር፣ ስብሰባ ላይ የፊት ረድፍ፣ መኪና ውስጥ ጋቢና። በር ላይ ቆመን «አንተ ቅደም»፣ «ኧረ በፍጹም» ስንባባል በሩን የከፈተልን ሰው ክንዱ ይዝላል። ቀድሞ የሚገባው ሰው የሚሄድበትን ያውቅ እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም። ጉዳት የሌለው ጨዋነት ይመስላችኋል፤ ሁለት ሰው በሚነዳው ብስክሌት ላይ እስክታዩት ድረስ።

እንዲህ ያለ ብስክሌት አሶሳ ውስጥ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። የተዉልኝ አገር ለአገር የሚዞሩ ፈረንጅ ባልና ሚስት ናቸው። ወደ ሱዳን ሊሻገሩ መጥተው ድንበሩ ተዘግቷል ሲባሉ እኔ ቤት ጥቂት አረፉና፣ ብስክሌቱን ለእኔ ሰጥተው በተለያየ አውቶቡስ ተሳፍረው ሄዱ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ኮርቻውም ፔዳሉም ለሁለት ሰው ነው፤ የሚዞረው መሪና ፍሬኑ ግን ከፊት ብቻ። የኋለኛው ሰው ሥራ የፊተኛውን ጀርባ እያየ መርገጥ ነው። ለአስፋልት የተሠራ ስለሆነ ቀጭኑ ጎማው በእኛ ጠጠርና አሸዋ ውስጥ እንደ ቢላ ይሰምጥ ነበር። አውልቄ ብረቱ የቻለውን ያህል ሰፊ ጎማ አስገባሁበት። በጎማውና በብረቱ መካከል የቀረው ክፍተት ግን ጣት አያስገባም። በበጋ ምንም አይልም።

ያን ቀን ክረምት ነበር።

ሃሩንን ላስተዋውቃችሁ። አብሮ አደጌ ነው፤ ዛሬ ደግሞ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር። ለዚያ ወንበር የተወዳደርኩትም ያለፍኩትም እኔ ነበርኩ። ሹመቴ ሊጸድቅ ሲል ግምገማ ተጠራ። ግምገማን ታውቁታላችሁ፤ ሰው ጓደኛውን በጓደኞቹ ፊት አርዶ ሲያበቃ አብሮት ሻይ የሚጠጣበት ስብሰባ ነው። የሃሩን እጅ ተነሳ። የአመለካከት ችግር አለበት ብሎ ተቀመጠ። በቃ። የምጠየቀው ሂሳብ ቢሆን ሠርቼ አሳያለሁ፤ አመለካከት በምን ተሠርቶ ይታያል? ከዚያ ወዲህ በመካከላችን ከደረቅ ሰላምታ በቀር ምንም አልነበረም።

እንግዲህ አንድ ማለዳ ይኸው ሰው በሬን አንኳኳ። አባቱ ከሆሞሻ ወደ ውስጥ በሚገባ መንደር አርፈዋል፤ ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው ከአስር ሶላት በፊት ነው። የበኩር ልጅ ነው ተብሎ አስከሬን አይቆይለትም። ቤንዚን ከጠፋ ሰንብቷል፤ የከተማው ሞተርና ባጃጅ ሁሉ ማደያ ደጃፍ ተሰልፏል። ሃሩን ይህን ሲነግረኝ የሚያየው ብስክሌቱን እንጂ እኔን አልነበረም።

የፊቱን መሪ ስይዝ ጎረቤቴ ሼህ ኢድሪስ ክንዴን ያዙኝ።

«ሀዘን ያለበት ሰው ከፊት ይሁን። ከኋላ ነውር ነው።»

ፍሬን አያውቅም ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ።

«አንተ ተማርክ፤ እሱ ግን አባት ሞተበት።»

ከኋላ ተቀመጥኩ።

ወደ መንደሩ የሚወስደው አቋራጭ ቀይ አፈርና ጠጠር ነው። የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ሃሩን ፍሬኑን ረስቶ ዓይኑን ይጠርጋል፤ እኔ የማይዞር መሪ ጨብጬ በጀርባው ላይ እጮኻለሁ። ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለውን ድልድይ በጠርዙ አለፍነው። ሜዳው ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። ፔዳሎቹ በሰንሰለት የተያያዙ ናቸውና አንዱ ሲያቆም ሌላውም ይቆማል። ሲቃ በያዘው ቁጥር የእሱ እግር ይቆማል፣ የእኔም አብሮ ይቆማል። ለባላጋራ ለቅሶ በእግር መድረስ ይሏችኋል ይህ ነው።

ቀኑ ሲጋመስ ጭቃው በጎማውና በብረቱ መካከል ተጠቀጠቀና ጎማው አልዞርም አለ። በእንጨት እየፋቅን ጥቂት እንሄዳለን፣ ደግሞ እንቆማለን። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል እኔ እንጨቱን ይዤ ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ያን ቀን እጅህን ለምን አነሳህ?»

«አሁን?»

«አሁን።»

ሃሩን ፀሐይዋን አየ። «ከላይ አንድ ስም ይነሳ ተብሎ ነበር። ያንተን ባላነሳ የእኔ ይነሳ ነበር።» ወደ መንገዱ ዞረ። «መምህር፣ አባቴ ሊቀበር ነው። ጎማውን ትፍቀዋለህ ወይስ በእግሬ ልሂድ?»

ስንት ዓመት ያመነዠክሁት ነገር መልሱ ይህን ያህል አጭር መሆኑ አንገበገበኝ። ቢጠላኝ ይሻለኝ ነበር።

ጎማውን ፋቅሁ። «ከኋላ ተቀመጥ» አልኩት። ሼህ ኢድሪስ አላዩንም።

መንደሩ ስንደርስ ቃሬዛው ተነስቷል። ሃሩን ብስክሌቱ ሳይቆም ዘሎ ወረደ፤ እኔ ከነብስክሌቱ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ቀና ስል ትከሻውን ከቃሬዛው ሥር ሲያስገባ አየሁት።

እንዳልመለስ መንገዱ ጭቃና ዳገት ነው፤ ብስክሌቱም ለብቻ አይሆንም። ስለዚህ ለቅሶው እስኪነሳ የጠላቴን አባት አልቅሼ ተቀመጥኩ። ለቀስተኛው ሁሉ እጄን እየጨበጠ አጽናናኝ። አንዲት አሮጊት እንዲህ ያለ ወዳጅ አላህ ለሁሉም ይስጥ ብለው መረቁኝ። ሃሩን ሰማ፣ እኔም ሰማሁ፤ ሁለታችንም ሻያችንን ጠጣን።

ስንመለስ ሳልነግረው ከኋላ ተቀመጠ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም ይቅር አላልኩትም። ዳገቱ ላይ ግን እኩል ረገጥን። ባንረግጥ ወደ ኋላ ይመልሰናላ።