ለሁሉም አምስት

ለተጠየቀው ሁሉ አምስት ነጥብ የሚሰጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ቆቦ ላይ አስተማሪ ሳለሁ ገበያ ሙሉ ገጥሞኛል። ለሁለተኛ ዲግሪዬ መመረቂያ ስለ ሽንኩርት አቅርቦት መጠይቅ ይዤ ነጋዴ ለነጋዴ እዞር ነበር። አማካሪዬ «አንዱን ነገር በስድስት መልክ ጠይቅ፤ መልሶቹ እርስ በርስ ካልተስማሙ ጥናትህ ዋጋ የለውም» ብለው እንቅልፍ ነስተውኛል።

መጀመሪያ ሐጂ ሰኢድ ሱቅ ገባሁ።

«ሽንኩርት የሚያመጣልዎ ሰው በቀጠሮው ይደርሳል? ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይስጡልኝ።»

«አምስት!»

«ቃሉንስ ይጠብቃል?»

«አምስት በለው።»

ስድስቱንም አምስት አሉ። የሽንኩርት መደባቸው ግን ባዶ ነው።

«ሐጂ፣ ሽንኩርቱ የታለ?»

«ከዋጃ መች መጣና! ዛሬ ነገ እያለ ሁለት ሳምንት ሲጫወትብኝ።»

«ታዲያ አምስት?»

«ሰውየው በሌለበት ስሙን ላጥፋ እንዴ? ያውም በወረቀት! ሐሜት ሐራም ነው፣ መምህር።»

ሌሎቹም እንደዚያው። ሮቢት ከተማ ላይ አንድ ቁጡ ነጋዴ ብቻ ስድስቱንም አራት አለኝ። በዚህ የይሉኝታ መልስ አበቃልኝ ብዬ ወረቀቱን ለአማካሪዬ አስረከብሁ። እሳቸው ግን በኮምፒውተር አሰሉና ፊታቸው በራ።

«እንዲህ የሚስማማ መልስ አይቼ አላውቅም! አስተማማኝ መለኪያ ማለት ይኼ ነው!»

እፎይ! ተመረቅሁ።

በምረቃው ሳምንት ዩኒቨርሲቲው ስድስት ጥያቄ ያለው ቅጽ አስሞላን። የመጀመሪያው፦ «አማካሪዎ በቀጠሮው ይገኛል? ከአንድ እስከ አምስት።» በራቸው ላይ ቆሜ የዋልሁባቸው ቀናት ትዝ አሉኝ። ስክሪብቶዬን አነሣሁ።

ስድስቱንም አምስት ሞላሁ።